የኡማው አሚን እና የዐምዋስ ቸነፈር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ እትም የሶሃቦች ዓምዳችን የምናነሳው የአቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕን (ረ.ዐ.) ሕይወት ነው። ስማቸውን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አናስብም። በሕይወት ሳሉ በጀነት ከተበሰሩት አስሩ ሶሃቦች አንዱ ናቸው። በኡሑድ ቀን የፊት ጥርሶቻቸውን ያጡበት ታሪክ በየመድረሳው ይነገራል። የኡማው አሚን የሚለው መጠሪያም የእርሳቸው ነው። አሟሟታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ በሻም ምድር በጣዑን ሞቱ ይባልና ወደ ሌላ ሶሃባ ይኬዳል። እኛ ዛሬ ረዘም አድርገን የምንቆየው በዚያች መስመር ላይ ነው።

ምክንያት አለን። የምንማረው አርባ ምንጭ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለው ከዶርም ወደ ክሊኒክ የሚሄደው ተማሪ ሲበዛ ሁላችንም እናያለን። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በክልላችን፣ በጂንካ፣ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ ተነገረ። ያን ሰሞን ከሶላት በኋላ በሚደረገው ጨዋታ ሁለት ዓይነት ንግግር ሰማን። አንደኛው በሽታ የአላህ ቁጣ ነው፣ የያዘውም ሰው የእጁን ነው ያገኘው የሚል ነው። ሁለተኛው የተጻፈልን ካልሆነ አይነካንም፣ ስለዚህ መጠንቀቅ የኢማን ድክመት ነው የሚል ነው። የገረመን፣ ሁለተኛውን የሚሉት ወንድሞች የአቡ ዑበይዳን ሞት በማስረጃነት መጥቀሳቸው ነው። ታሪኩን ከሥሩ ያነበበ ሰው ግን እዚያ ድምዳሜ ላይ የሚደርስ አይመስለንም።

ሙሉ ስማቸው ዓሚር ኢብኑ ዐብዲላህ ኢብኑል ጀራሕ ነው፤ ጀራሕ የአያታቸው ስም ነው። ከቁረይሽ የበኑል ሓሪስ ኢብኑ ፊህር ወገን ናቸው። ቁመታቸው ረዥም፣ ሰውነታቸው ቀጭን፣ ፊታቸው ሥጋ የሌለው፣ ጺማቸው ሳሳ ያለ እንደነበር ተጽፏል። በአቡበክር (ረ.ዐ.) አማካይነት ኢስላምን የተቀበሉት ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአርቀምን ቤት መሰብሰቢያ ከማድረጋቸው በፊት ነው። የመካን ስቃይ ሙሉውን ቀምሰውታል ማለት ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የምትቀርበን አንዲት ነጥብ እዚህ ላይ አለች። ኢብኑ ኢስሓቅ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሰዎች ስም ሲዘረዝር፣ በሁለተኛው ስደት አቡ ዑበይዳን ያስገባቸዋል። በበድር ተገኝተዋልና ቆይታቸው እንደ ጃዕፈር (ረ.ዐ.) ረዥም አልነበረም። ቢሆንም የኡማው አሚን የዚህችን አገር አፈር ከረገጡት ውስጥ ናቸው።

በኡሑድ ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊታቸው ላይ ሲመቱ፣ ከራስ ቁራቸው ሁለት የብረት ቀለበቶች ጉንጫቸው ውስጥ ተሰክተው ቀሩ። አቡ ዑበይዳ በእጃቸው ቢስቧቸው ያሳምማል ብለው ፈሩ። በጥርሳቸው ነክሰው አንዱን ቀለበት ሲያወጡ አንድ ጥርሳቸው ወደቀ፤ ሁለተኛውን ሲያወጡም ሁለተኛው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊት ጥርስ አልነበራቸውም። መልካቸው ግን በዚያ አመረ ብለው ሰዎች ይናገሩ ነበር።

ከኡሑድ ይልቅ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ሌላ ዘመቻ ነው። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) 300 ሰዎችን በአቡ ዑበይዳ መሪነት ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ላኩ። ስንቃቸው ተምር ነበር። ስንቁ ማለቅ ሲጀምር አቡ ዑበይዳ የየሰዉን ተምር አሰባስበው በልክ ማደል ጀመሩ፤ በመጨረሻም ለአንድ ሰው በቀን አንድ ፍሬ ብቻ ደረሰ። ሰዎቹ ፍሬዋን እንደ ሕፃን እየጠቡ፣ ውኃ እየጠጡባት ቀኑን ይገፉ ነበር። እርሷም ስታልቅ የዛፍ ቅጠል በዱላ እያራገፉ፣ በውኃ እያራሱ በሉ። ዘመቻው የቅጠሉን ስም ይዞ የኸበጥ ዘመቻ ተባለ። በመጨረሻ ባሕሩ አንድ ግዙፍ ዓሣ ወደ ዳር ተፋ። አቡ ዑበይዳ መጀመሪያ በክት ነው ብለው አመነቱ፤ ቀጥሎም የሰዎቹን ችግር አይተው ፈቀዱ። ሠራዊቱ ከርሱ እየበላ ሰነበተ፣ ገላውም ተመለሰ። የተራበ ሰው ምን እንደሚሆን፣ መሪም ያኔ ምን ማድረግ እንዳለበት በዓይናቸው ያዩት እዚህ ነው።

በዚያው ዓመት ለዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) ድጋፍ ሆነው ወደ ዛቱ ሰላሲል ሲላኩ፣ የሠራዊቱ መሪ ማን ይሁን የሚል ክርክር ተነሣ። አቡ ዑበይዳ በእድሜ በኢስላም ይቀድማሉ፤ ዐምር ገና አዲስ ሙስሊም ናቸው። ሆኖም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አትለያዩ ብለው አዝዘዋቸው ነበርና መሪነቱን ለዐምር ለቀቁ። የእኚህን ዐምር ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ከቸነፈሩ በኋላ እንደገና እናገኛቸዋለን።

የነጅራን ክርስቲያኖች በመካከላቸው የሚዳኝ ታማኝ ሰው እንዲሰጣቸው በጠየቁ ጊዜ የተላኩት አቡ ዑበይዳ ናቸው፤ አሚን የሚለው ስም የጸናውም በዚህ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካለፉ በኋላ በሰቂፋ አቡበክር ለኸሊፋነት ካቀረቧቸው ሁለት ሰዎች አንዱ እርሳቸው፣ ሌላው ዑመር ነበሩ። ሁለቱም አቡበክርን መረጡ።

በዑመር (ረ.ዐ.) ኸሊፋነት የሻም ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሆኑ። ደማስቆ፣ የርሙክ፣ ሒምስ፣ በይተል መቅዲስ፤ የእነዚህን ውጊያዎች ታሪክ ሌሎች እትሞች ስለሚይዙት እናልፈዋለን። አንድ ነገር ብቻ እንናገር። ዑመር ወደ ሻም መጥተው ቤታቸውን ሲጎበኙ፣ ከሰይፍ፣ ከጋሻና ከግመል ኮርቻ በስተቀር ዕቃ አላገኙም። ያን ሁሉ አገር የሚያስተዳድር ሰው ቤት ነው።

አሁን ወደ 18ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በአውሮፓውያኑ 639፣ ደረስን።

በዚያ ዓመት በሒጃዝ ዝናብ ጠፋ። ምድሩ አመድ መሰለ፤ ዓመቱም ዓመተ ረማዳ ተባለ። የበረሃ ሰዎች ከብቶቻቸው አልቀውባቸው ወደ መዲና ጎረፉ። ዑመር ሕዝቡ እስኪጠግብ ቅቤና ሥጋ ላለመቅመስ ወሰኑ፤ ወደ ግዛቶቹም የእርዳታ ጥሪ ላኩ። ጠበሪ እንደዘገበው መጀመሪያ የደረሱት አቡ ዑበይዳ ናቸው፤ 4,000 ግመል እህል ጭነው። ዑመር ለድካማቸው ገንዘብ ሊሰጧቸው ቢሉ አልፈለጉም፤ ብዙ ከተለመኑ በኋላ ነው የተቀበሉት።

ቸነፈሩም በሻም የተነሣው በዚያው ጊዜ ነው። ስሙን ያገኘው ከዐምዋስ ነው። ዐምዋስ ከበይተል መቅዲስ በስተምዕራብ፣ ተራራው አልቆ ወደ ሜዳው በሚወረድበት ስፍራ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ከጦሩ ሰፈሮች አንዱ እዚያ ነበር። በሽታው ከሰማይ ዱብ ያለ አልነበረም። በ541 እ.ኤ.አ. ከግብፅ ወደብ ተነሥቶ የሮምን ግዛት ካዳረሰው ታላቁ ቸነፈር ወዲህ፣ ለመቶ ዓመት ያህል እየጠፋ እየተመለሰ ሲመላለስ የኖረ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም የዐምዋሱን ከእነዚያ መመለሶች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ዛሬ እንደምናውቀው የጣዑን ጀርም የሚኖረው በአይጥና በመሰል እንስሳት ላይ ነው፤ ከአይጥ ወደ አይጥ፣ ከአይጥም ወደ ሰው የሚያሻግረው ቁንጫ ነው። አይጥ ደግሞ እህል ያለበትን ይከተላል።

እንግዲህ የዚያን ዘመን ሻም በዓይነ ሕሊናችን እንየው። ሮምና ፋርስ ከ602 እስከ 628 ባደረጉት ጦርነት አገሩ ተፈትቷል። ከዚያ ወዲያው ሌላ ጦርነት ተከተለ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ከነቤተሰቡ በጥቂት ሰፈሮች ተጨናንቋል። ለሠራዊቱ እህል ተከማችቷል። ገበሬው ቀዬውን ለቋል። በደቡብ ድርቅ አለ፤ የተራበ ሕዝብ በመንገድ ላይ ነው። ጀርሙ ከጥንቱም ነበረ፤ ያን የመሰለ እልቂት ያደረገው ግን ሰው በዚያ ዘመን እንዲኖር የተገደደበት ሁኔታ ነው ብለን እናምናለን። በዘገባዎቹ 25,000 ያህል ሰው አለቀ ይባላል።

ዑመር ይህ ሁሉ በተሟላ ሁኔታ ሳይደርሳቸው ወደ ሻም ጉዞ ጀምረው ነበር። በተቡክ አቅጣጫ ሰርግ በምትባል ስፍራ (ከእኛው ሠርግ ጋር አይምታታ) አቡ ዑበይዳና ሌሎች አዛዦች ተቀበሏቸውና ቸነፈር መግባቱን ነገሯቸው። ዑመር ሹራ ጠሩ። መጀመሪያ ሙሃጂሮችን፣ ቀጥሎ አንሷሮችን አማከሩ፤ ሁለቱም ተከፋፈሉ። ሦስተኛ የጠሯቸው የቁረይሽ ሽማግሌዎች ግን በአንድ ቃል ሰውን ይዘህ ተመለስ፣ ወደ ቸነፈሩ አታስገባ አሏቸው። ዑመር ለመመለስ ሲወስኑ ከአላህ ቀደር መሸሽ ነውን ብለው የጠየቁት አቡ ዑበይዳ ናቸው። ዑመር ይህን ጥያቄ ከእርሳቸው ባይሰሙት ወደዱ፤ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንሸሻለን የሚል ይዘት ያለው መልስም ሰጡ። ምሳሌም ጨመሩበት። ግመሎች ያሉት ሰው ሁለት ዳርቻ ያለው ሸለቆ ቢያጋጥመው፣ አንዱ ዳርቻ ለምለም ሌላው ደረቅ ቢሆን፣ በለምለሙ ቢያሰማራ በአላህ ቀደር ነው፤ በደረቁ ቢያሰማራም በአላህ ቀደር ነው። ለጉዳይ ሄደው የነበሩት ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ደርሰው፣ ቸነፈር ያለበትን አገር አለመግባትን፣ ካሉበትም ሸሽቶ አለመውጣትን የሚያዝዘውን ሐዲስ ሲናገሩ ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ። ዘገባው በቡኻሪና በሙስሊም የሚገኝ ነው።

የሁለቱን ዳርቻ ምሳሌ ለመረዳት እኛ የአርባ ምንጭ ተማሪዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከግቢያችን ቀና ብሎ ወደ ምዕራብ ያየ ሰው የጋሞን ደጋ ያያል። ከዚህ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት 30 ኪሎ ሜትር ያህል የወጣ ሰው ዶርዜ ይደርሳል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ። እታች ሙዝና ሙቀት፣ እላይ እንሰት፣ ቀርከሃ፣ ጉምና ብርድ። የዶርዜ ሰው የቆላውን መሬት ጥሩነት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም ለዘመናት ደጋው ላይ ተጠጋግቶ የኖረው። የጋሞ ደገኛ ለእርሻና ለገበያ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ለማደር ግን ወደ ላይ መመለስን ይመርጣል፤ ንዳዱን ያውቀዋላ። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ እንዲያድግ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ16 ዲግሪ በታች ከሆነ አይሆንለትም። ይህን ሳይንስ የደረሰበት ከአንድ ክፍለ ዘመን ብዙም ባልራቀ ጊዜ ነው። የዶርዜ አባቶች ግን ትንኟን ሳያውቁ ቦታውን ያውቁት ነበር።

ደጋ ሁሌም መሸሸጊያ ይሆናል ማለታችን አይደለም። በ1958 እ.ኤ.አ. ዝናቡና ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ወባ በአገራችን እስከ 2,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ወጥታ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመች፤ 150,000 ያህል ገደለች። እዚያ ከፍታ ላይ የሚኖረው ሰው ለበሽታው እንግዳ ነበር። ከደጋ አገር ወደ አርባ ምንጭ የሚመጣው አዲስ ተማሪም ያው እንግዳ ነው፤ የቆላ ልጅ ቀለል አድርጎ የሚያልፈው ወባ እርሱን ሊጥለው ይችላል። አዲስ ገቢዎችን ስንቀበል ከመስገጃው ቦታ ቀጥለን አጎበሩን ብናሳይ ጥሩ ነው።

ከወባም ሌላ አለ። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በኦሞ ተፋሰስና በደቡብ ምዕራብ ቆላዎች የተነሣው ቢጫ ወባ 100,000 ያህል ሰው ይዞ 30,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከታዩት የዚህ በሽታ ወረርሽኞች ከታላላቆቹ አንዱ ነው። በሽታውን ካስተላለፉት ትንኞች አንዷ የምትራባው በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ሥር፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ጉርጓድ ውስጥ በሚጠራቀም ትንሽ የዝናብ ውኃ ነው። ቫይረሱ በጫካ ዝንጀሮዎች ዘንድ ይኖራል፤ ጫካው ሲመነጠርና ጓሮ ከጫካ ሲገናኝ ሰው በመካከል ይገባል። እዚህ ላይ እንሰትን የሚከስስ ካለ ተሳስቷል፤ እንሰት የሚሊዮኖች ጉሮሮ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ወረርሽኙ ሲነሣ ከ20 ዓመት በላይ የሆነው ነበር። ያ ሕዝብ ግን አልተከተበም ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. በጎረቤታችን በወላይታ ዞን ኦፋ ወረዳ በሽታው እንደገና ሲታይም መንስኤው ቀድሞ የማይታወቅ ነገር አልነበረም።

የኦቾሎን ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ቅር ይለናል። ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ አቅራቢያ፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ ገደላማ ኮረብታ ላይ ያለች መንደር ናት። እዚያ ሕፃናት ፊታቸው ላይ ቁንጭር ይወጣባቸዋል። በሽታውን የያዙት በቋጥኙ ስንጥቅ የሚኖሩት ሽኮኮዎች ናቸው፤ የምታሻግረውም ማታ ማታ የምትነክስ፣ ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ቤቱ ከቋጥኙ ጋር ተጣብቆ ስለተሠራ፣ ልጆቹም እዚያው ስለሚጫወቱ፣ ሽኮኮና ልጅ አንድ ሰፈር ይኖራሉ። የእነዚያን ልጆች ጠባሳ አይቶ የኃጢአት ምልክት ነው የሚል ሰው ካለ፣ የልጆቹ ኃጢአት ምን እንደሆነ ቢነግረን ደስ ይለናል። ለነገሩ በጣዑን የሞተ ሙስሊም ሸሂድ እንደሆነ ሐዲስ አስተምሮናል፤ በሽተኛን እንደ ተረገመ ማየት ከየት እንደመጣ አይገባንም።

ወደ ሻም እንመለስ። ዑመር መዲና ከገቡ በኋላ ቸነፈሩ በሠራዊቱ ላይ ጸና። ዑመር ስለ አቡ ዑበይዳ ሰጉ፤ ካለ አንተ የማይሆን ጉዳይ ገጥሞኛልና ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ሳታድር ወደ እኔ ና የሚል መልእክት ላኩ። አቡ ዑበይዳ ሲያነቡት ጉዳዩ ምን እንደሆነ ገባቸው፤ ኸሊፋው ከሞት ሊያወጧቸው ፈልገዋል። የሙስሊሞች ሠራዊት ውስጥ ነኝ፣ ራሴን ከእነርሱ አስበልጬ አልወጣም፣ ከትእዛዝህ አሰናብተኝ የሚል ይዘት ያለው መልስ ጻፉ። ዑመር መልሱን አንብበው አለቀሱ። በአጠገባቸው የነበሩት አቡ ዑበይዳ ሞቱን ብለው ጠየቁ፤ የሞቱ ያህል ነው ሆነ መልሳቸው።

አቡ ዑበይዳ ሞትን ችላ ብለው ቀሩ የሚሉት ወንድሞች የሚጠቅሱት ይህን ነው። እኛ ሌላ ነገር እናነብበታለን። ያ ሠራዊት የሚወጣበት መንገድ አልነበረውም፤ ተራው ወታደር የኸሊፋ ደብዳቤ አይደርሰውም። መውጫ የነበረው አዛዡ ብቻ ነው፤ እርሱም መውጫውን ለብቻው አልተጠቀመበትም። በእኛም አካባቢ ቢሆን በሽታ ሁሉን እኩል አያገኝም። በጋሞ ደጋ መሬት ጠብቧል። አንዱ ሸማውን ይዞ ወደ ሽሮ ሜዳ ይሄዳል፤ ሌላው ለቀን ሥራ ወደ ቆላው የሙዝ እርሻ ይወርዳል። አባቶቹ ያላደሩበት ቆላ ውስጥ የሚያድረው ይህ ወጣት ወባን የመረጠ አይደለም፤ ወባ ያለበት ቦታ ሥራ ስላለ ነው።

ታሪኩም በደብዳቤው አላለቀም። ዑመር ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ። ሰዎቹን ያሰፈርካቸው ዝቅ ያለ፣ እርጥበት ያለበት ምድር ነው፤ ከፍ ወዳለና ንጹሕ አየር ወዳለበት ስፍራ አውጣቸው የሚል ነበር። አቡ ዑበይዳ ይህን ትእዛዝ ወዲያው ተቀበሉ። በሰርግ ስለ ቀደር የጠየቁት ሰው እዚህ ላይ ያንን ጥያቄ አላነሡም፤ የተጠየቁት ብቻቸውን እንዲወጡ ሳይሆን ሕዝቡን እንዲያወጡ ነውና። አቡ ሙሳ አል አሽዐሪን (ረ.ዐ.) ጠርተው ቦታ እንዲፈልጉላቸው አዘዙ። አቡ ሙሳ ለጉዞ ሊዘጋጁ ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው በጣዑን ተይዘው አገኙ፤ ተመልሰውም ነገሯቸው። አቡ ዑበይዳ ራሳቸው ግመላቸውን አስጭነው ተነሡ። እግራቸውን እርካብ ላይ ሲያደርጉ በሽታው ያዛቸው። ይህም ሆኖ ሠራዊቱን ወደ ጃቢያ አወጡት፤ ጃቢያ በጎላን አምባ ላይ ያለች ከፍ ያለች ስፍራ ናት።

የዚያን ዘመን ሰው በሽታው ከመጥፎ አየርና ከእርጥበት ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። አይጥና ቁንጫ ማንም አልጠረጠረም። ከተጨናነቀ ሰፈርና ከእህል ክምር መራቁ ግን ከቁንጫውም ያርቅ ነበር፤ መንስኤውን በትክክል ሳያውቁት መፍትሔውን አገኙት። የዶርዜ አባቶችም ንዳዱን በዚሁ መንገድ ነው ያመለጡት።

አቡ ዑበይዳ ሲሞቱ ዕድሜያቸው 58 ነበር። ሥልጣናቸውን ለሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ.) አስተላለፉ፤ በጀናዛቸው ላይ የሰገዱትም ሙዓዝ ናቸው። ብዙ ሳይቆይ የሙዓዝ ቤተሰብ በበሽታው አለቀ፣ እርሳቸውም ተከተሉ፤ ገና በሠላሳዎቹ እድሜ ነበሩ። የዚዱ ኢብኑ አቢ ሱፍያንም (ረ.ዐ.) በዚያው ቸነፈር ሞቱ።

ከሙዓዝ በኋላ ኃላፊነቱ ለዐምር ኢብኑል ዓስ ደረሰ፤ በዛቱ ሰላሲል አቡ ዑበይዳ መሪነቱን ለለቀቁላቸው ለዚያው ሰው። ዐምር ሕዝቡን ሰብስበው ይህ በሽታ ሲነሣ እንደ እሳት ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ወደ ተራሮች ውጡ፣ ተበታተኑም የሚል ትእዛዝ ሰጡ። የተቃወሟቸው ሶሃባ ነበሩ፤ ነገሩ ቀላል ክርክር አልነበረም። ዐምር ግን ሰዉን ይዘው ወጡ። ሕዝቡ በየተራራው ተበትኖ ቆየ፤ ቸነፈሩም ተነሣላቸው። የዐምር ውሳኔ ለዑመር ሲነገራቸው እንዳልጠሉት ዘገባው ይናገራል። እኛም ሐዲሱን ይቃረናል ብለን አናይም። ተራራው የዚያው አገር ተራራ ነው፤ በሽታውን ተሸክሞ ወደ ሌላ ከተማ መሰደድና እዚያው አካባቢ ተራርቆ መቀመጥ አንድ አይደሉም።

ቸነፈሩ ካለፈ በኋላ ዑመር እንደገና ወደ ሻም መጡ። ሥራ ይጠብቃቸው ነበር። አንዱ ወራሽ ከሌላው ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ ስለሞተ ውርስ ተምታቷል፤ ባለቤት የሌለው ንብረት በዝቷል፤ ጠባቂ የሌላቸው ጠረፎች አሉ። ዑመር ውርሱን እየከፈሉ፣ ለሕያዋኑ ድርሻቸውን እየሰጡ፣ በሞቱት አዛዦች ቦታ ሌሎችን እየሾሙ ቆዩ። የደማስቆው ሹመት ለየዚድ ወንድም ለሙዓዊያ (ረ.ዐ.) የደረሰው በዚህ ቸነፈር ምክንያት ነው።

የአቡ ዑበይዳ መቃብር በዛሬይቱ ዮርዳኖስ፣ በዮርዳኖስ ሸለቆ ውስጥ በዴር ዐላ አካባቢ እንደሆነ ይነገራል፤ በስማቸው የተሠራ መስጂድም እዚያ አለ። ስፍራው ከባሕር ወለል በታች ያለ፣ ሞቃት የእርሻ ምድር ነው። ረዲየላሁ ዐንሁ።